እትዬ ጥሩሐረግና የምንይሉ ወተት

ሰቆጣ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው ብዙ ነገር ሊመርጥ ይችላል። ውሃ የሚገባበትን ግቢ፣ ጣሪያው የማያፈሰውን ክፍል፣ ባጃጅ በር ድረስ የሚመጣበትን ሰፈር ፈልጎ ፈልጎ ያገኛል። ሁሉን አዋቂ የሌለበት ግቢ ግን አያገኝም። እንዲህ ያለ ግቢ እስካሁን አልተሠራም። መብራት ለምን እንደጠፋ፣ የወልዲያው አውቶቡስ የት እንደተበላሸ፣ የሆድ ቁርጠት በምን እንደሚሻር ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው በየግቢው አለ። ሰውየው ቤት ቢለቅ በሳምንቱ ሌላ ይተካል፤ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ዓይናዲስ በተከራየችበት ግቢ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ጥሩሐረግ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በሥራ ዘመናቸው ያስተዳደሩት ፋይል ብቻ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ሰውም ማስተዳደር ጀምረዋል። ንግግራቸው ሁሉ የሚነሣው "የታወቀ ነው" ከሚል ቃል ነው። ዝናብ ሊመጣ ነው? የታወቀ ነው። ሽንኩርት ተወደደ? የታወቀ ነው፤ እሳቸው ባለፈው ወር ተናግረው ነበር። አንድ ቀን የግቢው ልብስ ሰፊ ምሳው ሊፈትናቸው ብሎ፣ ጨረቃ ላይ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ጠየቃቸው። እትዬ ጥሩሐረግ ጥቂት አሰቡና "አልፎ አልፎ" አሉት።

ዓይናዲስ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ሥራዋ በሰቆጣ ዙሪያ ቀበሌዎች እየዞሩ ፍየል፣ በግና ላም መከተብ ነው። ባሏ ብዙነህ ሰሃላ በምትባል ሩቅ ወረዳ ያስተምራል፤ መኪና እንደልብ ስለማይገኝ የሚመጣው በወር አንዴ፣ ሲከፋም በሁለት ወር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ልጃቸው ምንይሉ ሲወለድ አባት ሩቅ ነበር፣ አያትም ሩቅ። እትዬ ጥሩሐረግ ብቻ በአንዲት ስስ ግድግዳ ተለይተው ቅርብ ነበሩ።

ልጁ ሲያለቅስ ከግድግዳው ማዶ ምክንያቱን ያስረዳሉ። ዝም ሲል ደግሞ ለምን ዝም እንዳለ ያስረዳሉ። ቅቤ ይዋጥ አሉ፤ ዓይናዲስ ሐኪም ከልክሏል ብላ መለሰች። የአብሽ ውሃ ይቅመስ አሉ፤ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ምንም አይቀምስም አለቻቸው።

"እኔ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ" አሉ እትዬ ጥሩሐረግ። "አንቺ እስካሁን ያሳደግሽው ፍየል ነው።"

ዓይናዲስ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ገባች። ማታ ማታ ግን፣ አንዲት ቀን፣ አንዲት ብቻ፣ ምክር የማትሰማባት ቀን እንዲሰጣት አምላኳን ትለምን ነበር።

የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባሕር ዳር ያለችው እህቷ አንድ ካርቶን በሰው እጅ ላከችላት። ዓይናዲስ ለልጁ ክትባት ወጥታ ስለነበር ካርቶኑን የተቀበሉት እትዬ ጥሩሐረግ ናቸው። ስትመለስ ካርቶኑ ተከፍቶ ጠበቃት። ዕቃው በግቢው መካከል በርጩማ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚጨመርበትን ማስረጊያ የመሰለ አፈ ሰፊ ነገር፣ ትንሽ ጠርሙስና በእጅ የሚጨመቅ መያዣ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ማብራሪያ እየሰማ ነው።

እትዬ ጥሩሐረግ ነገሩ የፈረንጅ ዋግምት መሆኑን አስታውቀው ጨርሰዋል። ጀርባ ላይ ተደርጎ መጥፎ ደም ይስባል፤ የታወቀ ነው። ለዓመታት ወገቡን የሚያመው ምሳው ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቦ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ዓይናዲስ ልጇን እንዳዘለች ቆማ፣ የጡት ወተት ማለቢያ ነው አለች። ሥራ ስትገባ ወተቷን እያለበች ልታስቀምጥ፣ ልጁም እሷ በሌለችበት እሱን ሊጠጣ ነው። ምሳው ሸሚዙን ወደ ቦታው መለሰ። እትዬ ጥሩሐረግ ዕቃውን ለረጅም ጊዜ አገላብጠው ካዩ በኋላ የተናገሩት ለዓይናዲስ ሳይሆን ለግቢው ነበር። ላም ስታክም የኖረች ልጅ በመጨረሻ ራሷ ላም ሆና አረፈች አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ተቃውሟቸውን በየተራ አቀረቡ። የእናት ወተት ከጡት ወጥቶ አየር ካየ ኃይሉ ይጠፋል። ሰው ካየው ደግሞ ዓይን ይገባበታል። የሰው ወተት ዕቃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ዓይናዲስ በበኩሏ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ደጅይጥኑ እንዳስተማረቻት እጇን ታጥባ፣ ጡቷን በሞቀ ጨርቅ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። የመጀመሪያ ቀን ሩብ ሰዓት ታግላ ያገኘችው የጠርሙሱን ታች እንኳ በቅጡ የማይሸፍን ወተት ነበር። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና አለቀሰች። ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ፣ ላምም ቢሆን እየተጨነቀች አትታለብም፤ ልጁን እያሰብሽ ሞክሪ አለ። ዓይናዲስ ተናደደች። ሲስተር ደጅይጥኑም ያለቻት ይህንኑ ስለነበር ግን ዓይኗን ጨፍና ምንይሉን አሰበች። በሳምንቱ ጠርሙሱ እስከ ግማሽ ይሞላ ጀመር።

ችግሩ ሌላ ነበር። ልጁን ሊይዙላት ቃል የገቡት አማቷ እግራቸውን ታመሙና መምጣት አልቻሉም። ሥራ ልትገባ አራት ቀን ሲቀራት የምትይዝ ሴት ፈልጋ አጣች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ሆኖም እትዬ ጥሩሐረግ አውቀዋል። በሯ ላይ ቆመው፣ እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅሻል፣ እይዘዋለሁ አሏት። ዓይናዲስ ያን ቀን ምግብ አልበላ አላት። ዞር ስትል ቅቤ ያስውጡት ይሆን? አብሽ ይሰጡት ይሆን? በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤ ከሲስተር ደጅይጥኑ ጋር ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ።

እትዬ ጥሩሐረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ደጅይጥኑ በትዕግሥት አስረዳች። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ዕቃው ተለያይቶ በሳሙና ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ በጨርቅ ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል። የታለበ ወተት ቤት ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ፍሪጅ ካለ አራት ቀን ይቆያል። መሞቅ ያለበት ከነዕቃው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም። ልጁ ጠጥቶ የተረፈው ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። ጡጦ በደንብ ማጽዳት ስለሚያስቸግር በንጹሕ ሲኒ ማጠጣት ይሻላል፤ ልጁ ቀና ብሎ ይያዛል፣ ሲኒው ከንፈሩን ይነካል፣ ራሱ ይልሰዋል፤ አፉ ውስጥ አይንቆረቆርም። በመጨረሻም የተጠራጠሩትን ወተት መድፋት ነው አለች።

እትዬ ጥሩሐረግ ለእያንዳንዱ "የታወቀ ነው" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲመለሱ ለባጃጁ ሹፌር ለወንዳወቅ የእናት ወተት አያያዝን ከመነሻው እስከ መድረሻው አስተማሩት። ሹፌሩ ሚስት እንኳ አላገባም ነበር።

ዓይናዲስ ሥራ በገባችበት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወተቷን አልባ፣ ለእትዬ ጥሩሐረግ አስረክባ ወጣች። ረፋዱ ላይ ሮጥ ብላ ስትመለስ ጠርሙሱ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘችው። ልጁ ጠጣ ወይ ብትል አልጠጣም። ሲስተሯ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይም ብላለችና፣ ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ደፍተውታል። ዓይናዲስ፣ ከታለበ ጀምሮ አራት ሰዓት ሲሞላው ማለቷ ነው እንጂ የሰዓቱን አራት አይደለም ብላ አስረዳች። እትዬ ጥሩሐረግ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ፣ ይህ የታወቀ መሆኑንና ያደረጉት ለጥንቃቄ መሆኑን ገለጹላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን የሆነ ነገር ተለወጠ። እኒያ ወተቱን አየር እንዳያየው ሲከራከሩ የነበሩ ሴትዮ የሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ችሎታቸውን በሙሉ በአንድ ሕፃን ወተት ላይ አዋሉት። በየጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቀኑንና ሰዓቱን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል አሉ። ግቢው ውስጥ ሳሙናና ውሃ አስቀምጠው እጁን ያልታጠበ ሰው ልጁን እንዳይነካ ከለከሉ። ምሳው ሁለት ጊዜ ታጥቦ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የዓይናዲስ የንስሐ አባት ልጁን ሊባርኩ ሲመጡ እትዬ ጥሩሐረግ በአክብሮት እጅ ነሥተው፣ መስቀሉን ተሳልመው፣ ከዚያ ማስታጠቢያውን አቀረቡላቸው። መምሬም ሳይከራከሩ ታጠቡ።

ፍሪጅ የነበረው በመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ሐቢባ ቤት ነው። እትዬ ጥሩሐረግ ሄደው የላይኛው መደርደሪያ ለምንይሉ እንዲለቀቅ አሳሰቡ። ሐቢባ ደግ ሴት ናት፤ ለስላሳውን ወደ ታች አውርዳ ለቀቀች። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ፍሪጁን ቶሎ ቶሎ እንዳትከፍት ነገሯት። ሐቢባ ቀዝቃዛ ለስላሳ ሸጣ እንደምትኖር ብታስታውሳቸው፣ ሰው በዚህ በክረምት ቀዝቃዛ መጠጣቱ ራሱ ለጉሮሮ እንደማይበጅ አስረዷት። አንድ ደንበኛ በትንሹ ጠርሙስ ያለውን ነጭ ነገር አይቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ "የመንግሥት ንብረት ነው" ብለው መለሱት።

ልጁ ግን ደኅና ነበር። ከሲኒው እንደ ድመት ግልገል እየላሰ ይጠጣል፤ ሲጠግብ ፊቱን ያዞራል፤ ኪሎው ይጨምራል። እትዬ ጥሩሐረግ ሲያጠጡት በኽምጣና፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ ያወሩታል። ምን እንደሚሉት ዓይናዲስ አንድ ቀን ከበሩ ውጭ ቆማ ሰማች። ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት እያስረዱት ነበር።

በሐምሌ፣ ምንይሉ አምስት ወር እንደሞላው፣ ዓይናዲስ ከከተማው በመኪና የአርባ ደቂቃ መንገድ ርቆ ወንዝ ተሻግሮ በሚገኝ ቀበሌ ፍየል ልትከትብ በጠዋት ወጣች። ለረፋዱ የሚሆን ወተት ቤት ትታለች፤ የቀረው ሦስት ጠርሙስ ሐቢባ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሐቢባ በዋዜማው ዕቃ ልታመጣ ወልዲያ ሄዳለች። የሱቁን ቁልፍ ለማን እንደሰጠች መናገር አያስፈልግም።

ዓይናዲስና የመሥሪያ ቤቷ መኪና ሹፌር ሥራቸውን ከሰባት ሰዓት በፊት ጨርሰው ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። እነሱ ያሉበት ጠብ አላለም፤ ላይ፣ ተራራው ላይ ዘንቦ ነው። ደራሹ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ፍየሎቹን ያስከተበው ገብረ አምላክ የሚባል ገበሬ ሸኝቷቸው ስለነበር ውሃውን አየና፣ እስከ አሥር ሰዓት አይሞከርም አለ። ስልኳ ሲጠራ ዓይናዲስ ጉብታው ላይ ቆማ ነበር።

"ልጄ" አሉ እትዬ ጥሩሐረግ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። "ሱቁን ከፍቼ ፍሪጁን አየሁት። አሁን ይሠራል፣ ይቀዘቅዛል። ግን በረዶው ቅርፁ ተለውጧል፤ ቀልጦ እንደገና የጠጠረ ነው የሚመስል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኖሯል፤ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ያየ ሰው የለም። ወተቱን አሸተትሁት፣ ምንም አላለም። ልጁ ርቦታል። ምን ላድርግ? አላውቅም።"

ዓይናዲስ ሦስት ዓመት ጎረቤታቸው ስትሆን ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ከወንዙ ይልቅ እሱ አስደነገጣት።

"ድፉት" አለች።

"ሦስቱንም?"

"ሦስቱንም። የተጠራጠሩትን ድፉ ተብለናል።"

ከስልኩ ወዲያ የምንይሉ ለቅሶ ይሰማል። ምሳውም ይሰማል፤ የገዛ እናቱ ወተት አይደል እንዴ፣ ምን ያደርገዋል፣ እሱ ካልሆነም የላም ወተት በውሃ አቅጥኖ መስጠት ነው እያለ ይመክራል። ዓይናዲስ ወንዙ እንደያዛትና መቼ እንደምትሻገር እንደማታውቅ ነገረቻቸው። እትዬ ጥሩሐረግ ምሳውን ዝም አሰኙት። ከዚያ እኔ ልጁን ይዤልሽ እመጣለሁ አሉ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል ልትል አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘግቷል።

በዚያ ከሰዓት ዓይናዲስ ከወንዙ ዳር የተቀመጠችውን መቀመጥ አትረሳውም። ጡቷ ሞልቶ ሸሚዟን አርሶታል፤ በስልክ የሰማችው የልጇ ለቅሶ ከጆሮዋ አልወጣም። ገብረ አምላክ በየጊዜው በትሩን ውሃው ዳር እየተከለ ምን ያህል እንደጎደለ ይለካል። የመኪናው ሹፌር ሊያጽናናት ብሎ ስለ ሌላ ወንዝ ሙላት ያወራት ጀመርና፣ ያኛው ታሪክ መጨረሻው እንደማያምር ሲያስታውስ ተወው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከማዶ ዳገት ላይ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ብቅ አለ። ወንዳወቅ ባጃጁን አስፋልቱ እስካለቀበት አድርሶ ጭቃውን ፈርቶ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩሐረግ ምንይሉን አዝለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በእግራቸው ወርደዋል። ወንዙ ዳር እንደደረሱ ወደ ማዶ ተመለከቱና ወዲያውኑ መሪነቱን ተረከቡ። በየት በኩል መሻገር እንደሚሻል በጃንጥላቸው ያመለክታሉ፤ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። ተወልዶ ያደገበትን ወንዝ ዕድሜውን ሙሉ ሲሻገር የኖረው ገብረ አምላክ "ሴትዮዋ የዚህ አገር ሰው ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። አይደሉም አለችው ዓይናዲስ።

ውሃው ጉልበት ድረስ ሲወርድ ገብረ አምላክ ክንዷን ይዞ አሻገራት። መኪናው ከነሹፌሩ እዚያው ማዶ ቀረ። ዓይናዲስ ጫማዋ ውሃ እንደሞላ እየሮጠች ሁለት እጇን ዘረጋች። እትዬ ጥሩሐረግ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

"እጅሽን።"

"እትዬ!"

"ከፍየል ጋር ስትተሻሺ ውለሽ አይደል? ታጠቢ።" ከብብታቸው ሥር በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ፣ ከነጠላቸው ጫፍም በወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና አወጡ። ዓይናዲስ እያለቀሰች ታጠበች። እሳቸው ደግሞ በጣቶቿ መካከል መድረሱን አዩ። ከዚያ ልጁን አወረዱላት።

ምንይሉ ጡቱን እንደያዘ ለቅሶው በአንድ ጊዜ ጠፋ። የሚሰማው የወንዙ ድምፅና የእሱ መጥባት ብቻ ሆነ። ዓይናዲስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እትዬ ጥሩሐረግ ጃንጥላውን ለእናትና ልጅ ዘርግተው እነሱን ላለማየት ወደ ውሃው ዞረዋል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው።

"ሲኒውን ከንፈሩ ድረስ አድርሼው ነበር" አሉ፣ ሳይዞሩ። "ከመደወሌ በፊት። ሲያለቅስ አልቻልሁም። መዝገብ ቤት ሳለሁ ፋይል ጠፍቶ ሲጠይቁኝ፣ ነገ ይምጡ እላለሁ እንጂ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ወረቀት ነዋ፤ ቢሳሳቱ ሰው አይሞትም። ዛሬ ግን ሲኒውን መልሼ አስቀመጥሁት።"

ዓይናዲስ ልጁን ወደ ሌላኛው ጡት አዛወረችና "ደግ አደረጉ፣ እትዬ" አለች።

"ስደፋው ደግሞ የስንት ቀን ድካምሽ ነው ብዬ አዘንሁ። ውሻ እንዳይልሰው አፈር አልብሼዋለሁ።"

ሳይመሽባቸው ሦስቱም በወንዳወቅ ባጃጅ ከተማ ገቡ። እስከ ማግሥቱ ጠዋት እትዬ ጥሩሐረግ አንድም ምክር አልሰጡም። ዓይናዲስ ታመሙ ብላ ሰግታ ነበር፤ ማለዳ ላይ ለምሳው ስለ ወንዝ አሻጋገር ሲያስረዱ ስትሰማ ልቧ ተመለሰ።

መስከረም ላይ ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ አንድ ቤት ተገኘላት። ሁለት ክፍል፣ የራሱ አጥር፣ የራሱ ቧንቧ፣ አከራዩ ትቶት የሄደ ፍሪጅ ሁሉ አለው። ብዙነህ በስልክ ሰምቶ ዛሬውኑ ያዢው አላት። ዓይናዲስ ምንይሉን አዝላ ልታየው ሄደች። ክፍሎቹን ዞረች፤ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ወረደ። ፍሪጁን ከፍታ እጇን አስገባች፤ ይቀዘቅዛል። ከዚያ መካከል ላይ ቆመች። ከግድግዳው ማዶ ማንም አልተናገረም። ምንይሉ አንዴ አለቀሰና ዝም አለ፤ ለምን እንዳለቀሰም ለምን ዝም እንዳለም የሚያስረዳ አልነበረም። ዓይናዲስ ለረጅም ጊዜ ቆማ ጆሮዋን ሰጠች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ቁልፉን መለሰች።

ግቢ ስትደርስ እትዬ ጥሩሐረግ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቤቱን ማየቷን ከማን እንደሰሙ አልጠየቀቻቸውም። አልወደድሁትም፣ ትቼዋለሁ ብቻ አለች። እትዬ ጥሩሐረግ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርገው፣ መጀመሪያ ስለ አከራዩ አባት፣ ቀጥለው ስለ ቤቱ አሠራር፣ ቀጥለውም በዚያ በኩል ስለሚነፍሰው ንፋስና በሕፃን ደረት ላይ ስለሚያመጣው ጣጣ አንድ በአንድ ያስረዷት ጀመር። ዓይናዲስ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።